የፔርኔት ሮሻ ፊርማ

የለተሚካኤል ሥራ ማንበብ አልነበረም። ዙሪክ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለች የአሮጌ ወረቀት ማደሻ ወርክሾፕ ተቀጥራ፣ ውሃ የገባበትንና ሻጋታ የበላውን መዝገብ በለስላሳ ብሩሽ ትጠርጋለች፤ የተጣበቀውን ገጽ በስስ ቢላ ታላቅቃለች፤ በእርሳስ ቁጥር ሰጥታ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። የሚፈለግባት ይኸው ነው። ግን ድሬዳዋ ያደገች፣ አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩ፣ ፈረንሳይኛ ከሲስተሮች ትምህርት ቤት የተማረች ሴት፣ ቀኑን ሙሉ ፊቷ የተዘረጋውን የፈረንሳይኛ ጽሑፍ እንዳታነብ ማን ሊከለክላት ይችላል? ዓይን እንደሆነ መዝጊያ የለው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት መጀመሪያ ላይ ከጄኔቭ ወዲህ ካለች ኦርሴል ከተባለች ትንሽ መንደር አሥራ ዘጠኝ ሣጥን መዝገብ መጣላቸው። የማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ነው። መዝገቦቹ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት፣ ጄኔቭ በፈረንሳይ ሥር በነበረችበት ጊዜ የተጻፉ ናቸው። ያን ጊዜ የመንደር ከንቲባ ማለት ዛሬ እንደምናውቀው ሪባን የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ልጅ ሲወለድ የሚመዘግበው እሱ፤ ሰው ሲሞት የሚመዘግበው እሱ፤ ሌባ ተያዘ ሲባልም አቤቱታውን የሚቀበለው፣ የተከሳሹን ቃል የሚጽፈው፣ ተከሳሹን ከነወረቀቱ ከተማ ላለው ዐቃቤ ሕግ የሚልከው እሱው ነው። ዳኞቹ ሰውየውን ከማየታቸው በፊት የሚያዩት የከንቲባውን ጽሑፍ ነበር።

የኦርሴሉ ከንቲባ ኤቲየን ዱክሬ ይባላል። ለተሚካኤል መጀመሪያ ያጸዳችው የልደት መዝገቦቹን ነው። እዚያ ውስጥ አንዲት ሴት ደጋግማ ትመጣለች፤ ፔርኔት ሮሻ፣ የመንደሯ አዋላጅ። የልጁ አባት ሳይገኝ ሲቀር ያዋለደችው ሴት መጥታ ታስመዘግባለች፤ ከከንቲባው ፊርማ አጠገብም ትፈርማለች። አፈራረሟ ደፋር ነው። የመጀመሪያዋን ፊደል ታገዝፋታለች፤ የመጨረሻዋን ደግሞ እንደ ጭራ ትስባታለች። ለተሚካኤል ቆጥራታለች፤ አሥራ አራት ጊዜ ፈርማለች። አንዳንድ ቀን ወደ ሥራ ስትገባ «ዛሬ ደግሞ የማንን ልጅ ይዘሽ መጣሽ?» እያለች ፊርማዋን መፈለግ ለምዳ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የወንጀል መዝገቡ ላይ ደረሰች። እዚያም ፔርኔት ሮሻ ጠበቀቻት። በፈረንጆቹ መጋቢት 1812። በዚህ ጊዜ ግን ተከሳሽ ሆና ነው።

ከሳሹ የመንደሩ ባለወፍጮ ነው። ሚስቱ በወለደች ጊዜ አራስ ልትጠብቅ እቤቱ የሰነበተችው አዋላጅ ስድስት የብር ማንኪያ ሰርቃኛለች ይላል። ከዚያ በከንቲባው እጅ የተጻፈው የተከሳሿ ቃል ይቀጥላል። ማንም ሳያስገድደኝ አምናለሁ፤ ማንኪያዎቹን ወስጃለሁ፤ የት እንዳደረስኳቸው አላስታውስም። ከሥሩ ደግሞ፣ «ተከሳሿ መጻፍ እንደማትችል ስለገለጸች በመስቀል ምልክት ፈርማለች» ይላል። መስቀሏም አለች፤ ትንሽ፣ ቀጥ ያለች፣ ከከንቲባው ቀለም የማትለይ።

ለተሚካኤል ብሩሿን አስቀመጠች። የልደት መዝገቡን ከመደርደሪያ አውርዳ ከጎኑ ዘረጋችው። አሥራ አራት ፊርማ! ያውም ሁሉም እዚሁ ሰውዬ ፊት የተፈረመ! የመጨረሻው ከክሱ በፊት ባለው ጥር ወር ነው። ሴቲቱ በሁለት ወር ውስጥ ፊደል ጠፋባት?

ገጹን ገለጠች። ፍርዱ አጭር ማስታወሻ ሆኖ ተለጥፏል። አምስት ዓመት እስራት፤ ከዚያ በፊት ግን አደባባይ ላይ፣ አንገቷ በብረት ቀለበት ተይዞ፣ ሕዝብ እያያት አንድ ሰዓት ትቁም። ቀጥላ የሞት መዝገቡን አገላበጠች። እንደፈራችውም አገኘቻት፤ በሁለተኛው ዓመት የብርድ ወራት እስር ቤት ውስጥ ሞታለች። መርዶው ወደ መንደሯ ሲላክ የመዘገበው ያው ኤቲየን ዱክሬ ነው። የሞት መዝገቡ ሌላም ነገር ነገራት። ባለወፍጮው አባቱ በሞቱ ጊዜ ለምስክርነት ሲፈርም «የከንቲባው ሚስት ወንድም» ተብሎ ተጽፏል። አባት ዳኛ ልጅ ቀማኛ ይባላል፤ እዚህ ደግሞ አማች ለአማች ሆነና ሴቲቱን መሐል አስገብተው ፈጯት።

የወርክሾፑ ባለቤት ፍራው አማን ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሴት ናቸው። ለተሚካኤል ሁለቱን መዝገቦች አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩ፤ ደግመው አዩ።

«ልክ ነዎት፤ ይህ ደስ የሚል ነገር አይደለም» አሉ።

«ምን እናድርግ?»

«እኛ? እኛ ወረቀት እናድናለን እንጂ ሰው አናድንም።»

«ወረቀቱ የሚዋሽ ከሆነስ?»

«የሚዋሸውንም ወረቀት እናድናለን።» ፍራው አማን የለተሚካኤልን ፊት አይተው ትንሽ ለዘብ አሉ። «የጉዳት ሪፖርቱ ላይ 'ልዩ ምልከታ' የሚል ቦታ አለ። ወረቀቱ ላይ የሚታየውን ይጻፉ። የሚታየውን ብቻ። የሚሰማዎትን አይደለም።»

ለተሚካኤል ጻፈች። የመስቀሏ ቀለም ከከንቲባው ቀለም ጋር አንድ ነው፤ ተከሳሿ በእነዚህ አሥራ አራት ገጾች በገዛ እጇ ፈርማለች። የገጾቹን ቁጥር አንድ በአንድ ዘረዘረች።

ረገንስዶርፍ ያለው ቤታቸው ገብታ ለባሏ ነገረችው። ይልማ ኦፕፊኮን ውስጥ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የሚሠራው፤ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ሲተኩስ ውሎ ሲመጣ ወገቡን ይዞ ነው የሚቀመጠው።

«ለተ፣ የሁለት መቶ ዓመት ሙት ምን አደረገችሽ?»

«እሷ ምንም አላደረገችኝም። እሱ ነው።»

«እሱም ሞቷል!»

«አልሞተም። ሊያከብሩት እየተዘጋጁ ነው።»

እውነቷን ነው። ከሣጥኖቹ ጋር አብሮ የመጣው ደብዳቤ ነገሩን ያብራራል። ኦርሴል አዲስ የስብሰባ አዳራሽ ሠርታለች፤ በግንቦት ይመረቃል፤ «የኤቲየን ዱክሬ አዳራሽ» ይባላል። ለዚያ ቀን የተዘጋጀችው መጽሔት «ፍትሐዊው ከንቲባ» ትለዋለች፤ እሱ ካዘጋጃቸው የክስ መዝገቦች አንድም እንኳ ፍርድ ቤት ወድቆበት አያውቅም ብላ ታወድሰዋለች።

«እንዴት ይውደቅበት?» አለች ለተሚካኤል፣ ድምጿ ከፍ ብሎ። «ከሳሹ ዘመዱ፣ ጸሐፊው እሱ፣ ፈራሚውም እሱ!»

«እኔ የምልሽ» አለ ይልማ፣ «ቤ አውስቫይሳችን፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ገና አልተወሰነም። ስድስት ዓመት በጊዜያዊው ኤፍ ተቀምጠን አሁን ነው ተስፋ ያየነው። ሥራሽን ካጣሽ ደግሞ ከዜሮ ነው። በሰው አገር ሙግት አታንሺብን።»

እውነት ነበረው፤ ነገሩ ግን ከሐሳቧ አልወጣም።

መዝገቦቹ ታድሰው የሚመለሱበት ቀን ደረሰና ለተሚካኤል ከፍራው አማን ጋር በመኪና ጄኔቭ ወረደች። ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ የተቀበላቸው ሞሲዮ ሪቮላ የተባለ የባህል ጉዳይ ኃላፊ ነው፤ መጽሔቷን የጻፈውም እሱ ነው። ሣጥኖቹን ተረክቦ ሲፈርም፣

«ሪፖርታችንን አነበቡት?» አለችው በፈረንሳይኛ።

«አዎን፣ ስለ ሻጋታው—»

«ስለ ሻጋታው አይደለም። ስለ አዋላጇ።»

ሰውየው ፈገግ አለ። «ማዳም፣ ዘመኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ የገጠር ሴቶች መጻፍ አይችሉም ነበር።»

«ይህቺ ትችል ነበር። አሥራ አራት ጊዜ ፈርማለች።»

«ምናልባት እጇን ታማ ይሆናል።»

«እጇን ታመመች ብሎ ለምን አልጻፈም? መጻፍ አልችልም አለች ነው ያለው።»

«ምናልባት ሌላ ፔርኔት ሮሻ ትሆናለች።»

«በአራት መቶ ሰው መንደር ውስጥ ሁለት አዋላጅ፣ ሁለት ፔርኔት ሮሻ?»

ሞሲዮ ሪቮላ ሰዓቱን አየ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ የታሪክ ባለሙያ ነዎት? ከየት ነው የመጡት?»

ለተሚካኤል ደሟ ፈላ። ሁለት መቶ ዓመት አልፎም ለከንቲባው ምክንያት የሚፈልግለት ጠበቃ አልጠፋም። እጇን አመማት፤ ሞክሼ ነበረቻት፤ ዘመኑ ነው። ለሴቲቱ ግን ያን ጊዜም አንድም ሰው አልቆመላትም፣ ዛሬም አልቆመላትም። ፍራው አማን ክንዷን ያዝ አደረጓትና ወጡ። በመኪናው ወደ ዙሪክ ጉዞ ጀመሩ። ሎዛንን ሲያልፉ፣

«ምርቃቱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ እኔ አለቃዎ አይደለሁም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ለተሚካኤል ጫማዋን ስታደርግ ይልማ ቀድሟት ጃኬቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል።

«አንተ ደግሞ የት?»

«ብቻሽን ሄደሽ ፖሊስ ሲይዝሽ በስልክ ከምሰማ!»

ከዙሪክ ጄኔቭ ባቡሩ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ ደግሞ አውቶቡስ አለ። ሲደርሱ አዳራሹ ሞልቷል፤ ወይኑና አይቡ በነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድሯል፤ የዱክሬ ምስል ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሞሲዮ ሪቮላ ንግግር አደረገ። ከንቲባው መንደሯን በዚያ በጦርነት ዘመን በሕግ ያስተዳደረ፣ ደሃና ሀብታም ያልለየ ሰው ነበር አለ። ካሁኗ ከንቲባ ጋር ሆነው መጋረጃውን ገልጠው ስሙ የተቀረጸበትን ሰሌዳ አሳዩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ «ጥያቄ ያለው?» ተባለ፤ እንደ ወጉ ያህል ነው እንጂ ጥያቄ የሚጠብቅ አልነበረም።

ለተሚካኤል ተነሣች። ማን እንደሆነች ተናገረች፤ መዝገባችሁን ገጽ በገጽ ያጸዳሁት እኔ ነኝ አለች። የፔርኔት ሮሻን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወጋቻቸው፤ ልደቶቹን፣ ማንኪያዎቹን፣ የሚስት ወንድሙን፣ መስቀሏን፣ የአንገት ብረቱን፣ እስር ቤቱን። «ደሃና ሀብታም ያልለየ ተብሏል። እስቲ ሁለቱን መዝገብ አምጥታችሁ እዩ፤ ከዚያ ታጨበጭባላችሁ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ሞሲዮ ሪቮላ ማይክራፎኑን አነሣ። «ማዳም የጥገና ሠራተኛ ናቸው። የመዝገብ ምስጢር በአንድ ቀን አይነበብም። አንድ ከንቲባ ሐሰተኛ ቃል ጻፈ ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገር—እንዴት ያውቃሉ?»

ለተሚካኤል በቀስታ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይታ አንድ ነገር ተናገረች። ጫጫታው ቆመ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ኋላ የተቀመጠው ይልማ ፈረንሳይኛ አይሰማም፤ የሰዉን ፊት ግን አየ።

መጀመሪያ የተነሡት ከዘራ የያዙ አንዲት አሮጊት ገበሬ ናቸው። «የእኔም ስም ሮሻ ነው» አሉ። «በመንደሩ የሌባ ዘር ናችሁ እየተባልን አድገናል። መዝገቡን አምጡ!» ከንቲባዋ ግራ ተጋብታ ወደ ሪቮላ አየች፤ ከዚያ አምጡላቸው አለች። ሁለቱ መዝገቦች ወይኑ ተነሥቶ በነጩ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ተዘረጉ። ሰው ተሰልፎ አየ። አሮጊቷ ጣታቸውን ፊርማዋ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ለተሚካኤል በልማድ «አይንኩት!» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ተወችው።

የመልሱ ባቡር ተነሥቶ ሐይቁ ዳር ዳር መሮጥ ሲጀምር ይልማ ጠየቃት።

«ምን ብለሻቸው ነው ሁሉም ጸጥ ያለው?»

«እንዴት ታውቂያለሽ አለኝ።»

«እና?»

«እኔም ጽፌ አውቃለሁ አልኩት።»

ይልማ አልገባውም። አዲስ አበባ ፖሊስ ጣቢያ ጸሐፊ እንደነበረች፣ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ሥራዋን ጥላ እንደወጣች ያውቃል። ለምን እንደጣለች ግን በሰባት ዓመት ትዳራቸው አውርታለት አታውቅም። አሁን ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ አወራችው።

በዘጠና ስምንት ጥቅምት ማለቂያ ላይ ሰው በጭነት መኪና እየታፈሰ ይመጣ ነበር። ቃል መቀበል ተባለ እንጂ ቃሉ አስቀድሞ የተጻፈ ነው፤ ድንጋይ ወርውሬአለሁ፣ ጎማ አቃጥያለሁ፣ ስሙን ብቻ መሙላት ነው። ሙሉነህ የሚባል የጂኦግራፊ አስተማሪ አልፈርምም አለ። ቢሉት ቢሠሩት እምቢ አለ። መርማሪው ወደ እሷ ዞሮ፣ «መጻፍ ስለማይችል በአውራ ጣቱ ፈርሟል ብለሽ ጨምሪበት» አላት። ጨመረችበት። ሁለት ሰው እጁን ይዞ ጣቱን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ተጫነው።

«ያን ጊዜ እኔን ነበር የሚያየው» አለች። «'እህቴ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ' አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። እኔ ደግሞ የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ።»

ይልማ ወደ እሷ ዞረ።

«ይህን ለዚህ አገር ሰዎች ነግረሻል? ለጥገኝነቱ ስትጠየቂ?»

«ስለ አገሬ ፖሊስ ነገርኳቸው። ስለ ራሴ አልነገርኩም።»

«ሰውየው በሕይወት አለ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ያቺን ከፈለግሽ እሱን አትፈልጊም?» አለ ይልማ። ቁጣ ነበረበት፤ በእሷ ላይ ይሁን በዓለም ላይ አልታወቀም።

የኦርሴል ነገር እንዲህ ሆኖ አለቀ። ሰሌዳው አልወረደም፤ አዳራሹ ዛሬም የኤቲየን ዱክሬ ነው። መጽሔቷ በድጋሚ ስትታተም ግን «ፍትሐዊው» የምትለው ቃል ወጣች፤ መጨረሻ ገጽ ላይ በትንንሽ ፊደል «የአንድ የክስ መዝገብን ትክክለኛነት በተመለከተ ጥያቄ ተነሥቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ገባ። ለተሚካኤል ስታነበው እሳት ለበሰች። ጥያቄ ተነሥቷል! ጥያቄው በገዛ እግሩ የተነሣ ይመስል! ማን ጻፈው፣ ማን ሞተችበት፣ አንድ ስም የለም። ከኦርሴልም ከዚያ ወዲህ ለወርክሾፑ ሥራ አልተላከም። ፍራው አማን ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሡባትም፤ የለተሚካኤልን የሥራ ውል ግን በጊዜው አደሱላት።

ሙሉነህን ለማግኘት አምስት ወር ፈጀባት። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ አብራት ትሠራ የነበረች እሌኒ የምትባል ሴት የአጎቱን ልጅ አገኘችላት። ሃያ ወር ታስሮ ተፈትቷል፤ አዳማ ነው ያለው፤ በየቤቱ እየዞረ የሰው ልጆች ያስጠናል። ለተሚካኤል ጻፈችለት፤ ያደረገችውን ሳታሳንስ፣ ይቅርታ ማለቱንም ሳታስረዝም።

መልሱ በሁለተኛው ሳምንት መጣ።

«አስታውሼሻለሁ። ይቅርታ የምትይውን ነገር ለጊዜው አቆዪው፤ እኔ ገና ተናድጄ አልጨረስኩም። ወደ ሥራዬ ልመለስ ስል ፋይሌ ላይ ያ ቃል አለ። አንድ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ፊቴ አነበበልኝ፤ 'መጻፍ የማይችል' ይላል፤ ማመልከቻዬን በእጄ ጽፌ ይዤ ቆሜ! ሳቀብኝ። ይቅርታሽ ለእኔ አንድ ቀን ክፍል አያስገባኝም። የምትችይ ከሆነ ያየሽውንና የጻፍሽውን በስምሽ ጽፈሽ፣ ፈርመሽ ላኪልኝ። ካልቻልሽ ደግሞ ዳግመኛ አትጻፊልኝ።»

ለይልማ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችለት።

«ሙሉ ስምሽን?» አለ። «እናትሽ እዚያ ናቸው እኮ። እኛም ቤ አውስቫይሱን ገና እየጠበቅን ነው።»

«እናቴን ጠይቄአለሁ። 'ለዚህ ነው ያኔ እህል የዘጋሽው?' አለችኝ። ጻፊ አለችኝ።»

በማግስቱ ከሥራ መልስ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ጻፈች። ቀኑን፣ ጣቢያውን፣ የመርማሪውን ስም፣ እጁን የያዙትን፣ እሱ ያላትን ቃል። «መጻፍ ስለማይችል የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሐሰት ነው፤ ሐሰት መሆኑንም እየጻፍኩት አውቅ ነበር» አለች። ስሟን ከነአያቷ አድርጋ ፈረመች። ይልማ ወረቀቱን አንሥቶ ሁለቴ አነበበውና፣ ከሥር «ምስክር» ብሎ ፈረመ።

ወረቀቱ አዳማ ደረሰ። ሙሉነህ ይዞት ቢሮ ሄደ፤ ፋይልህ ጠፍቷል አሉት። ለዓመታት ሲያነቡለት የኖሩት ፋይል፣ ውሸት መሆኑን የሚናገር ሰው በተገኘ ሳምንት ጠፋ። እሱ ግን ኮፒውን በላስቲክ ጠቅልሎ ማክሰኞ ማክሰኞ በራቸው ላይ ይቆማል፤ ዘበኛው ስሙን ሲመዘግብ እስክሪብቶውን ይቀበለውና ራሱ ይጽፋል።